በእድሩ ዕቃ ቤት ያደረው ጋሪ

ሂርጳ እንደሚናገረው ከሆነ፣ አባቱ ኦቦ ተሬፋ ጋሪው ላይ ሲወጡ በሕይወት ነበሩ። በሕይወት መኖር ብቻም አይደለም፤ ወንዙን ሲሻገሩ «ቀዘቀዘኝ፣ ጋቢ ደርቡልኝ» ብለዋል። ዳገቱ ወገብ ላይ ልጆቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቆሙ ደግሞ «ምን ይገትራችኋል?» ብለው ተቆጥተዋል። ነፍሳቸው የወጣችው አስፋልቱ ሊታይ ጥቂት ሲቀር ነው። ሂርጳ ይህን ሲያወራ የአባቱን ድምፅ ከነቁጣው ያስመስለዋል።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ባይሳ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እርሳቸው እንደሚሉት ተሬፋ የሞተው ቤቱ፣ መደቡ ላይ ነው። ዓይኑን የከደኑት እርሳቸው ናቸው። ልጆቹ ግን «ገና ይሞቃል፣ ገና ይሞቃል» እያሉ አፈፍ አድርገው ጋሪው ላይ አወጡትና ሬሳ ጭነው ዳገት ለዳገት ሮጡ። «ሐዘን ነው፤ ማንም ልጅ ያደርገዋል» ይላሉ ኦቦ ባይሳ። «ግን የሞተ ሰው ጋቢ ደርቡልኝ አይልም።»

ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ኦቦ ተሬፋ ወደ ቤታቸው የተመለሱት በዚያው ጋሪ ነው፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ተሸፍነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በለገ ጨፌ ቀበሌ ጋሪው ላይ የወጣ ሰው የለም።

ጋሮማ ሁለቱንም ወሬ የሰማው አምቦ ሆኖ በስልክ ነው። መጀመሪያ ሂርጳ ደወለለት፤ ቀጥሎ ኦቦ ባይሳ በሰው ስልክ አስደወሉ። ሁለቱም «መጥተህ እውነቱን ስማ» አሉት። እሱም ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብሎ፣ በ2005 ዓ.ም. መኸር ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ጉደርን አልፎ ወደ ጌዶ አቅጣጫ አቀና።

ጋሪው የእጁ ሥራ ነው። ጋሮማ አምቦ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ብየዳና ብረታ ብረት ያስተምራል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት እንደሱ ያሉ መምህራንን አዲስ አበባ ሰብስቦ፣ በሌላ የአፍሪካ አገር ገጠር የሚሠራበትን የበሽተኛ ጋሪ አሳያቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት የብስክሌት ጎማ፣ የብረት ቱቦ አካል፣ ላዩ ላይ የሸራ አልጋ። አንድ ሰው ከፊት ይስባል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ አይጠይቅ። ሥዕሉን ለሁሉም አደሏቸውና «ለሌላው አስተላልፉ፣ እንዳገራችሁ አድርጋችሁ ሥሩት» ብለው አሰናበቷቸው።

ጋሮማ ሥዕሉን ይዞ ሲመለስ አንድ ነገር ከነከነው። ያ ጋሪ የተወለደበት አገር ሜዳ ነው። የምዕራብ ሸዋ ሰው ግን ከቤቱ ከወጣ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ስለዚህ የብስክሌት ፍሬን ጨመረበት፤ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ያለው ሰው በእጁ ጨብጦ የሚይዘው። አልጋውን የወንዝ ውሃ እንዳይነካው ከፍ አደረገው፤ እንዳይገለበጥም ጎማዎቹን አራራቃቸው። ከተማሪዎቹ ጋር ወርክሾፕ ውስጥ ሰው እያስተኙበት፣ ወፍራሙን በቀጭን እያስገፉ፣ እየሳቁ ሞከሩት። ፍሬኑም ያዘ።

ወረዳው አምቡላንስ አለው። አምቡላንሱ ግን የሚመጣው እስከ አስፋልቱ ነው። ከአስፋልቱ በታች ያለው አገር የትከሻ አገር ነው፤ የታመመ ሁሉ በወንዶች ትከሻ ተይዞ ነው የሚወጣው። ለገ ጨፌ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ድርጅቱ የያዘው ዕቅድ እንዲህ ነበር፤ ይህ የመጀመሪያው ጋሪ በሽተኛ ማመላለሱ ከታየ፣ የጉደርና የጌዶ በያጆች አሠራሩን ከጋሮማ ይማራሉ፤ እነሱም ለየአካባቢያቸው እየሠሩ ያዳርሳሉ። ካልታየ ዕቅዱ እዚያው ይቀራል።

አልታየም። በአምቦ የድርጅቱ አስተባባሪ አቶ ማዕረግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓርብ ዕለት ጋሮማን ቢሮው አስጠርቶ ቁርጡን ነገረው።

«ሰኞ ፒክአፕ እልካለሁ» አለው። «ጋሪውን ጭኖ ጉደር አጠገብ ወዳለ ቀበሌ ይወስደዋል። እዚያ ሜዳ ነው፣ ሰዉም ይፈልገዋል። ሥራህ አይሞትም፤ በያጆቹንም ታስተምራለህ። ምን ቀረብህ?»

«ሜዳ ከሆነማ ፍሬኑ ምን ያደርጋል?» አለ ጋሮማ።

«ፍሬን መኖሩ መሄድ ይከለክላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ አቶ ማዕረግ። «እሑድ ሄደህ አነጋግራቸው። አንድ በሽተኛ እንኳ እንደሚወጣበት ካረጋገጥክልኝ መኪናውን አስቀራለሁ። ካልሆነ ግን እያባበልን ዓመት አንሞላም።»

አስፋልቱ ዳር ከሚኒባሱ ሲወርድ ቢሊሴ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ቢሊሴ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የጉደር ልጅ፣ የመካነ ኢየሱስ መዘምራን አባል፣ ስትናገር ቀጥ ያለች። አብረው ቁልቁለቱን ተያያዙት።

«ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው ገና ሰላምታው ሳያልቅ። «ያስቀመጥነው ቦታ ላይ ነው።»

ጋሮማ ያውቃል። ጋሪውን ባስረከቡ ዕለት «የት ይደር?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጤና ኬላው አንድ ክፍል ነው፣ በሩ ጠባብ ነው። ትምህርት ቤቱ ቁልፍ የለውም። ከሰው ቤት ቢገባ የዚያ ሰው ይሆናል። ያኔ ኦቦ ባይሳ ከተቀመጡበት ተነሥተው «የእድሩ ዕቃ ቤት አለ። ቆርቆሮ ነው፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው፤ የሁላችንም ስለሆነ የማንም አይደለም» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሮማም ደስ አለው። ሕዝቡ የራሴ ብሎ ተረከበው ማለት ይህ አይደል? አምቦ ተመልሶም ለአቶ ማዕረግ ይህንኑ በኩራት ነገረው። ጋሮማ ራሱ ገጠር ተወልዶ ያደገ ነው፤ የእድር ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ምን እንደሚቀመጥ ጠፍቶት አልነበረም። ያን ዕለት ግን ያየው ቆርቆሮውንና ቁልፉን ብቻ ነው።

«ከኦቦ ተሬፋ በፊትም እኮ ሰው ፊቱን ያዞር ነበር» አለች ቢሊሴ። «አልነገርኩህም እንጂ አንድ ቀን ሰብስቤያቸው፣ እዩ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁበት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቁ። ሁለት ወጣቶች ሜዳው ላይ ሁለት ዙር ገፉኝ። በማግስቱ እናቴ ከጉደር ደወለች፤ እያለቀሰች። ‹ልጄን የሬሳ ዕቃ ላይ ተኝታ አየናት አሉኝ፤ ምን በደልኩሽ?› ትላለች። ወሬው ጉደር ከእኔ ቀድሞ ገባ! ‹እማዬ እኛ አማኞች ነን፣ በእንዲህ ያለ አንፈራም› ብላት ‹እኔም አልፈራም፤ ግን ሁለተኛ እንዳትተኚበት› አለችኝ።»

ጋሮማ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«መቲ ወርዋ ገብቷል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሂርጳ ሚስት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ልጁም ዞሮ አልተቀመጠም። እቤት መውለድ የለባትም። አሁን አጨዳ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ምጡ ሲመጣ ትከሻ ከየት ይሰበሰባል? ጋሪው ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። ሁለት ሰው መቼም አይጠፋም።»

ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻግረው መጀመሪያ የሄዱት ዕቃ ቤቱ ዘንድ ነው። ኦቦ ባይሳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱላቸው። ግድግዳው ሥር ትልልቅ ድስቶች ተደርድረዋል፤ አግዳሚ ወንበሮች ተነባብረዋል። አስከሬን የሚወጣበት የእንጨት ቃሬዛ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሪው ከአጠገቡ ነው፤ አልጋው ላይ የሐዘኑ ድንኳን ተጣጥፎ ተጭኖበታል። በጎኑ ጋሮማ ራሱ በቀይ ቀለም፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «ለሕሙማን ብቻ» ብሎ የጻፈው አሁንም ደማቅ ነው።

«ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው ነው ከፍ ያደረግነው» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ ዓይኑን ተከትለው።

«ምንም አይደል ኦቦ።»

«መምህር፣ ቅር እንዳይልህ እንጂ አንድ ነገር ልንገርህ። እቃው ድንቅ ነው። እኛ ሽማግሌዎቹ ቃሬዛ መሸከም አቅቶናል፤ ወጣቱም ሐዘን ላይ አይገኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ይህን ለእድሩ ብትተዉልን ስንቱን በክብር እናደርሰው ነበር! ፍሬኑም ጥሩ ነው፤ አስከሬን ቁልቁለት ላይ አያንገራግጭም።»

ፍሬኑን ያመሰገኑት የመጀመሪያው ሰው ኦቦ ባይሳ ናቸው።

ከዚያ ሂርጳ ቤት ሄዱ። ሂርጳ ደጃፉ ላይ ማጭድ ይስላል፤ መቲ የቤቱን ግድግዳ ተደግፋ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰላምታው በኦሮምኛ ተጀመረ፣ ከብቱም ሰውም ተጠየቀ፣ «ገለቶማ» ተባባሉ። ሂርጳ ግን ትዕግሥት አልነበረውም።

«ባይሳን አነጋገርካቸው አይደል? ምን አሉህ? አሁንም እቤቱ ነው የሞተው አሉ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ጋሮማ የሰውየውን ፊት አየ። አንድ ልጅ አባቱን ለማዳን ሮጦ አለመድረሱንና በድን ይዞ መሮጡን አንድ አድርጎ ሊቀበል አይችልም፤ በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ። «አንተን አምንሃለሁ» አለው።

«አየህ!» አለ ሂርጳ ማጭዱን አስቀምጦ። ወዲያው ግን ግንባሩ ተኮማተረ። «እንግዲያማ በእግሩ እየተራመደ ሲያርስ የኖረ ሰው ጋሪው ላይ ወጥቶ ሞተ ማለት ነው።»

«ጋሪው አይደለም የገደለው ሂርጳ...»

«እኔ ገደለው አልኩ? ሰዉ ነው የሚለው። በሕይወት ነበር ስል ‹እንግዲያው ጋሪው ጨረሰው› ይሉኛል። ሞቶ ነበር ብል ደግሞ ‹ሬሳ የጫነ ነው› ይላሉ። ምን ልበል?»

ጋሮማ ያን ጊዜ ነው ከአምቦ ድረስ የመጣበት ነገር በእጁ ላይ የሟሟበት። ለካ የሁለቱ ወሬ እውነት ተጣርቶ ቢወጣም ጋሪውን የሚጠቅም ከውስጡ አንድም የለም። የኦቦ ባይሳ እውነት ጋሪውን ቃሬዛ ያደርገዋል፤ የሂርጳ እውነት ደግሞ ገዳይ። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሌላ መንገደኛ ይምጣ።

«መቲ፣ አንቺስ ትፈሪዋለሽ?» አላት።

መቲ ሆዷ ላይ ያለውን እጇን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ብረቱን ምን እፈራዋለሁ? ዓይኑን ነው የምፈራው፤ የሰዉን ዓይን። ከእዚያ ቤት አውጥተው ድንኳኑን አራግፈው እኔን ሲያስተኙኝ፣ በየበሩ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ይታየኛል። እኔ ብተርፍ እንኳ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ‹በቃሬዛ የመጣው› ይሉታል። ስም ከወጣ በኋላ ማን ያወርደዋል?»

«እኔ እሸከማታለሁ» አለ ሂርጳ።

«ብቻህን?» አለች ቢሊሴ።

ሂርጳ ማጭዱን አነሣና መሳሉን ቀጠለ።

የእድሩ ስብሰባ የተጀመረው ሁለቱም ወገን፣ ኦርቶዶክሱም ወንጌላውያኑም፣ ከየጸሎቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሰዉ ዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ሣር ላይ ተቀመጠ። መቲም ቢሊሴን ተደግፋ መጥታ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኦቦ ባይሳ መርቀው ከፈቱና ነገሩን አስረዱ፤ ነገ መኪና ይመጣል፣ ጋሪውን ይወስዳል፤ የሚወጣበት ሰው ካለ ይቀራል።

ገቢሳ የሚባል የወንጌላውያኑ ሽማግሌ ቀድሞ ተነሣ። «እኛ በእንዲህ ያለ ባዕድ ነገር አናምንም። ብረት ብረት ነው።»

«ያለፈው ወር ሚስትህ ስትታመም በምን ሄደች?» አለው አንዱ ከኋላ።

ገቢሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «በትከሻ።»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ገቢሳም መቀመጡን መረጠ፤ «እሷ ናት እምቢ ያለችው» እያለ።

ኦቦ ባይሳ ጠበል ቢረጭበት ምናልባት ልብ ይረጋል አሉ። ገቢሳ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ጸሎትም ቢደረግበት አይጎዳም አለ። አንድ ሌላ ሰው ቀለሙን አረንጓዴ መቀባት ይሻላል አለ። ዕቃ ቤቱን መለወጥም ተነሣ። ሁሉም ተስማማ፤ ማንም ግን «ከዚያ በኋላ እኔ እወጣበታለሁ» አላለም።

«ጨረሳችሁ?» አለች አዴ አረጋሽ።

አዴ አረጋሽ ከመንደሩ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እየሰበሰበች ጌዶ ገበያ የምታወጣ ነጋዴ ናት። አህያዋ ባለፈው ክረምት ከሞተች ወዲህ ጭነቱን በጀርባዋ እያመላለሰች ነው፤ አፏን ግን ጭነት አላደከመውም።

«በጠበልም እጠቡት፣ በጸሎትም እጠቡት፣ ከፈለጋችሁ በሳሙና። ከታጠበ በኋላ ማን ይወጣበታል? ማንም። እንግዲያው ለእኔ ስጡኝ። ድንቼን ልጫንበት።»

ሳቁ ፈነዳ።

«ይኸው! ገና ከመኪና ሲወርድ ጀምራ ዓይኗን የጣለችበት ነው» አለ አንዱ።

«አዎ ጥዬበታለሁ! ማን ደበቀ? ለእናንተ መጣ እንጂ ለእኔ ቢመጣ ኖሮ ይሄኔ ጎማው ተበልቶ ሌላ ጎማ ገብቶለት ነበር።»

ሂርጳ ብድግ አለ። «አባቴ የሞተበት ላይ ድንች ልትጭኚበት?»

«እህ!» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እንግዲህ እቤቱ ነው የሞተው ካልን...»

«ተዉት እስቲ ኦቦ፣ ዛሬ እንኳ ተዉት» አለች አረጋሽ። ወደ ሂርጳ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ አባትህ ነፍሳቸውን ይማር፣ በሕይወት ቢኖሩ ከእኔ ቀድመው ገብስ የሚጭኑበት እርሳቸው ነበሩ። እኔ አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ሥራ የፈታ በሬ እንኳ አይተው አያልፉም። በዚህ አገር ታመመ፣ ሞተ ተብሎ እስኪጠራ ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ዕቃ የት አለ? ያ ብቻ ነው።» በአገጯ በተከፈተው በር ውስጥ የቆመውን ቃሬዛ አሳየች። «ይኼ ጋሪም ሌላ ሥራ አጥቶ ሲጠብቀን ይውላል። ማን ይወደዋል? እኔም አልወደውም። ድንች ከጫንኩበት ግን የእኔ ጋሪ ነው። ተራ ጋሪ። ደክሞኝ ሲመጣ እቀመጥበታለሁ።»

ሴቶቹ መሐል መንሾካሾክ ተነሣ። አንዷ «እውነቷን ነው፤ በድንች ጋሪማ እኔም እወጣለሁ» ስትል ተሰማ።

ጋሮማ በተከፈተው በር ጋሪው ጎን ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አየ። «ለሕሙማን ብቻ» የሚለው ከሥዕሉ ጋር አብሮ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ ድርጅቱ ከቀለም ሥራ አይቆጥረውም። ሥልጠናው ላይ አንድ ሙሉ ጠዋት ተነግሯቸዋል። በዚያ በሌላው አገር ጋሪዎቹ ሲሚንቶና እንጨት ተጭኖባቸው የጎማቸው ኩሽኔታ በወራት ውስጥ አልቋል፤ በሽተኛ ሲመጣ ጋሪው ወይ ተሰብሮ ወይ ገበያ ወጥቶ ተገኝቷል። ትእዛዙ በከንቱ አልወጣም።

ቢሊሴም ይህንኑ ይዛ ተነሣች። ተቆጥታለች።

«አዴ አረጋሽ፣ ድንች ጭነሽ ጌዶ ሳለሽ መቲን ምጥ ቢይዛትስ? ጋሪውን ከየት ላምጣው? ከገበያ?»

«እመጣለኋ!»

«በምን ልትሰሚ?»

«በስልክ ነዋ! ከሰማሁ ድንቹን እዚያው ሜዳ ላይ ደፍቼው...»

«አትደፊውም።»

አረጋሽ አፏን ከፈተች፣ ትንሽ አሰበች፣ «እውነትሽን ነው፣ አልደፋውም» አለች። «ለዘመድ አደራ እሰጠዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ይፈጃል።»

ሰዉ ሳቀ። ቢሊሴ ግን ወደ ጋሮማ ዞራ በአማርኛ፣ ለእሱ ብቻ እንደሚነገር ነገር፣ «ይህን እንዳትሰማት» አለችው። «ገበያ በወጣ ቀን አንዲት ሴት ብትሞትብኝ፣ በየቤቱ እየሄድኩ የቤተሰቧን ፊት የማየው እኔ ነኝ። አንተ ማታ አምቦ ነህ።»

«አውቃለሁ» አላት።

«ካወቅክ ይውሰዱት። ጉደር ላይ ንጹሕ ሆኖ ይሥራ። ቢያንስ እዚያ ሰው ያድናል።»

ይህ ደግሞ ትክክል ነበር። ጋሮማ በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ የእሷን ሐሳብ የሚጥልበት ምክንያት አላገኘም። ጋሪው ነገ ቢሄድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሜዳው ላይ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እሱም በያጆቹን ያስተምራል። ድንች ይጫን ካለ ግን አቶ ማዕረግ ምን እንደሚል ያውቃል። ድርጅቱ ትእዛዙን የጣሰ ጋሪ አሠራር ለሌላ ወረዳ አያከፋፍልም። በያጆቹ አይጠሩም። ያ ፍሬን እዚህች ቀበሌ ውስጥ ተወልዶ እዚህችው ይቀራል። አንድ ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ነው የሠራው ነገር «ለሌላውም ይድረስ» የሚባልለት?

ሆኖም ለሜዳ የሚሆን ጋሪ ከመጀመሪያውም ነበር፤ ከሌላ አገር ተስሎ የመጣው እሱ ነው። ጋሮማ የጨመረበት ነገር ሁሉ ለዚህ ዳገት፣ ለዚህ ወንዝ ነው። ይህ ሐሳብ ቀና ይሁን ወይስ የገዛ እጅ ሥራውን መውደድ ብቻ፣ ጋሮማ ለራሱም ሊለየው አልቻለም።

ከተቀመጠበት ሆኖ «መቲ» ብሎ ጠራት። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አዴ አረጋሽ ድንች ብትጭንበት፣ መንደሩ ሁሉ ወዲህ ወዲያ ሲል ቢያየው፣ ትወጪበታለሽ?»

መቲ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መጠየቋ አሳፍሯት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ከዚያ አወረደችው።

«የድንች ጋሪ ላይ የወጣን ሰው ማን ምን ይለዋል? ‹ድንች› ቢሉኝ ነው። እወጣለሁ።» ከዚያም ጨመረች፤ «ግን ቢሊሴ ያለችውም አለ። በዚያ ቀን ካጣሁት አጣሁት ነው። ያኔም በትከሻ ነው፤ አሁንም በትከሻ ነው። በሩ ተዘግቶበት እያየሁት በትከሻ ከምሄድ፣ አጥቼው ብሄድ ይሻለኛል።»

ሂርጳ ሚስቱን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። ድንኳኑን ብቻውን አንሥቶ አግዳሚዎቹ ላይ ሲያደርገው የሸራው ድምፅ ተሰማ። ጋሪውን ግን አላወጣውም፤ በሩ ላይ ቆሞ ጋሮማን ጠበቀ።

«መምህር» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ «ነገሩ ያንተ ነው። እቃውን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ነገ ከመኪናው ሰዎች ጋር የምትናገረውም አንተ ነህ። ለእድሩ ብትለው እናመሰግናለን፤ ይሂድ ብትል አንቀየምም። ይህቺ ሴትዮም ድንቿን በጀርባዋ ለምዳዋለች።»

«ማን ይለምደዋል!» አለች አረጋሽ።

ጋሮማ ተነሣ። ቢሊሴ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፤ ሊል ያሰበው ገብቷታል። እሱም ወደ እሷ እንዳያይ ተጠንቅቆ፣ በኦሮምኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ጋሪው የትም አይሄድም። ለእድሩም አይሆንም ኦቦ፤ ይቅርታዎን። ከዛሬ ጀምሮ ድንችም፣ ገብስም፣ የታመመም ይጭናል፤ የታመመ ሲመጣ ሌላው ይወርዳል። ገበያ ላይ እያለ ሰው ቢታመምና ባይደርስ፣ ይህን የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ ቢሊሴን ማንም እንዳይጠይቃት። አዴ አረጋሽ፣ ድንቹን ዛሬ በማዳበሪያ ሞልተው ያዘጋጁ፤ ነገ መኪናው አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ዳገቱ ላይ እየገፋነው ያግኘን። ለአቶ ማዕረግ የሚባለውን እኔ እላለሁ።»